ከቅጽሩ ውጭ የቆምኩባቸው እሑዶች

አሰልጣኛችን ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልቻልኩም።

ለውድድር ወደ ካይሮ ስንሄድ የጉዞውን የመድኃኒት ቦርሳ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እሷ ቆማ ትጠራልኛለች፤ እኔ ተንበርክኬ አስገባለሁ። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ለውልቃት የሚረጨው፣ መርፌና ክር፣ የፀጉር ጄል፣ ሌላው ቀርቶ የጉሮሮ ከረሜላ። ስድስት ልጃገረዶች ነበርን። ትንሿ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል። የምንቆየው ከሳምንት በላይ ነው። በዚያ ቦርሳ ውስጥ አንዲት እሽግ ሞዴስ አልነበረችም። እሷ አልጠራችም፤ እኔም አላስታወስኳትም፤ ከስድስታችንም "ረሳችሁ እኮ" ያለች አልተገኘችም። የጉሮሮ ከረሜላ የማትረሳ ሴት ይህን እንዴት ትረሳለች? በእርግጥ ረስታው ነው? ወይስ አንዳችንም እንደማያስፈልገን ታውቅ ነበር?

ይህን የምጽፈው እሷን ለመክሰስ አይደለም። ማስረጃ የለኝም፤ ያለኝ ጥርጣሬ ነው። የምጽፈው ሴት ልጃቸውን ወደ ስፖርት ለላኩ እናቶችና ለራሳቸው ለልጆቹ ነው።

ሪትሚክ ጂምናስቲክ ስል ብዙ ሰው ሰርከስ ይመስለዋል። አይደለም። በሙዚቃ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ረጅም ሪባን ወይም ኳስ ወይም ቀለበት ይዞ የሚሠራ ውድድር ነው። ሪባኑ ከተቋጠረ ነጥብ ይቀነሳል፤ መሬት ላይ ከተኛ ይቀነሳል፤ የእግር ጣት ካልተወጠረም ይቀነሳል። ዳኞቹ ተቀምጠው የሚፈልጉት ስህተት ነው፤ እኔም ስህተት መፈለግ የለመድኩት ከእነሱ ይመስለኛል።

የጀመርኩት ጎንደር ውስጥ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ነው። አሰልጣኛችን ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች የከተማችን ልጅ ናት። ልምምዱ ጠዋትም ከሰዓትም ስለነበረ ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ትምህርቴን አቋረጥኩ። እናቴ አልወደደችውም። እሷ ትክል ድንጋይ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣች፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ እህል እየነገደች ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። ግን ባንዲራ ያለበት ቱታ ለብሼ ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ወደሚገኘው ሰፈራችን ስገባ ጎረቤቱ በር በሩ ላይ ይወጣል፤ እሱን ስታይ ዝም አለች። አንድ ጊዜ ውድድሬን በስልክ አሳየኋት።

"ሸጋ ነው፤" አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ይች ልጅ አጥንት የላትም እንዴ?"

አዳራሹ ውስጥም እንዲሁ ይሉኝ ነበር፤ እንደ ትልቅ ምስጋና።

አሰልጣኛችን "አትብሉ" ብላን አታውቅም፤ ይህን በእውነት መመስከር አለብኝ። የምትለው፣ "ሪባኑስ ቀላል ነው፤ እናንተስ?" ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊቷ ይፈካል። ለእኔም ጾሙ መሸሸጊያ ሆነልኝ። በጾም ወራት ያልበላችን ልጅ ማን ይጠይቃል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዘጠኝ በኋላ ልምምድ አለ፤ ማታ ሽሮውን በትንሽ እንጀራ ነካ ነካ አድርጌ እተኛለሁ። ጾሙ ሲፈታ እኔ አልፈታም። ብዙ ሰው የማይጾመውን የጽጌን ጾም ሳይቀር ጾምኩ። የሰፈራችን ሴቶች እናቴን "የተባረከች ልጅ ሰጥቶሻል" ይሏታል፤ እሷም ደስ ይላታል። ጾምና ረሃብ ከውጭ ሲያዩዋቸው አይለዩም።

የወር አበባዬ መጀመሪያ ዘገየ። ቀጥሎ አንድ ወር ዘለለ። ከዚያ ጭራሹን ቀረ። ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ተገላገልኩ ነው ያልኩት። በሺህ ሰው ፊት ነጭ የውድድር ልብስ ለምትለብስ ልጅ ይህ አንድ ሥጋት ቀነሰላት ማለት ነው። ነገሩን ያወሳሰበው የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው።

በእኛ ዘንድ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ስለዚህ የአንዲት ልጃገረድ ወር ማንም የማይናገረው፣ ግን ሁሉም የሚያየው ነገር ነው። እኔና እናቴ እሑድ እሑድ አብረን እንሄዳለን። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ፊቴን ሳታይ፣

"ምነው አንች፣ ውጭ መቆም ተውሽ?" አለችኝ።

"ልብ ሳትይ ቀርተሽ ነው እማየ።"

"እኔ? እኔ ነኝ ልብ ሳልል የምቀር?"

እርምጃዋን አፍጥና ቀደመችኝ። እኔ ግን ሁለት ጥርጣሬ እንዳላት ገባኝ። ወይ በማይገባኝ ቀን ቤተ መቅደስ እየረገጥኩ ነው፤ ወይ አርግዣለሁ። የትኛው እንደሚብስባት አላውቅም። ሦስተኛ ነገር ሊኖር እንደሚችል፣ ሰውነት ራሱ ሊያቋርጠው እንደሚችል፣ ለእሷም ለእኔም ከቶ አልታሰበንም።

በተከታዩ ወር፣ ምንም ሳይኖረኝ፣ ከቅጽሩ ውጭ ቆምኩ። በሌላውም ወር ቆምኩ። መነሻ ያደረግሁት በወር በወሩ የማርያምን ዕለት፣ ሃያ አንድን ነው፤ በዚያ ቀንና ቀጥሎ በሚውለው እሑድ አልገባም። ነገር ሲዛነፍ ስለማልወድ አንድም ቀን አላዛነፍኩም። እናቴ ጥያቄዋን ተወች። ተሳካልኝ አልኩ።

ሕመሙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ወገቤ ላይ በግራ በኩል፣ አንድ ጣት የምትሸፍነው ቦታ ላይ ወደ ኋላ ስታጠፍ ይወጋኛል። መጀመሪያ ልምምድ ላይ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ስቃና ጀመረኝ፤ በኋላ ደግሞ ሌሊት መገላበጥ አቃተኝና ጣሪያውን እያየሁ ሽባ ሆኜ የምቀር ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያ የተወሰድኩት አያ ታከለ ወደሚባሉ ወጌሻ ነው። ጣታቸውን ወገቤ ላይ አሳርፈው ብዙም አልቆዩም።

"ብርድ ነው፤" አሉ። "ራቁቷን በሲሚንቶ አዳራሽ የምትንከባለል ልጅ ሌላ ምን ሊይዛት ኖሯል?"

"ራቁቴን አይደለም አያ፤ ልብስ አለው።"

"እሱን ልብስ በስልክ አይቸዋለሁ ልጄ፤ እንዳላየሁት ልቁጠረው።"

በቅባት አሹኝና ተኝታ ትክረም አሉ። ስተኛ ተሻለኝ፤ ወደ ምንጣፉ ስመለስ ባሰብኝ። ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን፤ ኩላሊት ነው ተባልኩ፤ ብዙ ውኃ ጠጪ አሉኝ። ሌላው ክሊኒክ ደም አይቶ ታይፎይድ ነው አለና በመርፌ ወጋኝ። በሦስተኛው ራጅ ተነሣሁ፤ ራጁ ንጹሕ ነው አሉ፤ ምናልባት ጭንቀት ይሆናል። ወጪው እናቴን አጎበጣት፤ እዚህ አልዘረዝረውም። እኔ ግን ሁሉንም ጠረጠርኳቸው። ኩላሊት ያለው መድኃኒቱን ሊሸጥልኝ ነው፤ መርፌ የወጋኝ የሚለው ቢቸግረው ነው፤ ጭንቀት ያለኝ ደግሞ አሰልጣኛችን ደውላ እንዲህ በላት ብላው ይሆናል። በሦስቱም ቦታ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "የወር አበባ እንዴት ነው?" ተብዬ ተጠይቄያለሁ። በሦስቱም ቦታ "ትክክል ነው" ብያለሁ። ሰዎቹ የተሳሳቱት ከዚያ ቃል ተነሥተው እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

ቱኒስ ላይ የሚደረገው ውድድር ቀረበ። በሪባን ለብቻ የሚሠራ ቦታ አንድ ነው፤ የሚገባው ለእኔ ነው፤ እኔ ካልቻልኩ ሐያት ናት። ሐያት አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ፀጉር የምትሠራኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን እየጎነጎነች፣

"ዘንድሮ ረመዳንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጾምኩት፤" አለችኝ።

"ጎበዝ ነሻ።"

"ጎበዝ ትላለች! እናቴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'ያልጾምሽው ቀን የለም እንዴ? ቀዳ የምታወጪው የለሽም?' አለችኝ።" በወር አበባ ምክንያት የተበላውን ቀን በኋላ መክፈል ነው ቀዳ። "የለኝም አልኳት። እንዴት እንዳየችኝ ብታዪ!"

ጭኔ ላይ ያለውን የፀጉር ማስያዣ አንሥቼ አቀበልኳት።

"አንቺስ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"እኔስ ምን?"

"አንቺ ጋ ይመጣል?"

መስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ፈለግሁ። እውነቴን ልናገር፤ ያሰብኩት ስለ እሷ ችግር አልነበረም። ይህን ከእኔ አውጥታ አሰልጣኛችን ጋ ልታደርስ ነው፤ ቱኒስን ልትወስድብኝ ነው አልኩ በልቤ።

"በደንብ ይመጣል፤" አልኳት።

እጇ ፀጉሬ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጨርሳ አሰረችልኝ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት አልቆየሁም። ወደ ኋላ ታጥፌ ሪባኑን በእግሬ ስወረውር ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ምንጣፉ ላይ በደረቴ ወደቅሁ። አሰልጣኛችን ያን ዕለት ማታ ደወለች። "ዕረፊ፤ ግን ቶሎ ንገሪኝ፤ ቦታውን ለሐያት ልስጠው ወይስ ትመጫለሽ?" አለች። እመጣለሁ አልኩ።

እናቴ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የመጠበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ነበር። ከአርማጭሆ የመጣች አንዲት ሴት ቆሜ ግድግዳ ስደገፍ አየችና ሦስት ሰው አስነሥታ በጎኔ አስተኛችኝ። ጋቢዋን አጥፋ ራሴ ሥር አደረገችልኝ።

"ምን ሆና ነው?" አለቻት እናቴን።

"ስፖርት ስትሠራ ነው።"

"ስፖርት? ለጤና ነው እያለ አይደል እንዴ ሬዲዮው የሚያደነቁረን!"

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ወገቤን ይዤ ጮኽኩ። ያን ጋቢ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሐኪሙ ሲቲ ስካን አዘዘልኝ፤ አጥንትን እንደ ዳቦ ቆራርጦ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ራጁ ያላየው እዚያ ታየ፤ ከወገቤ አጥንቶች በአንዱ ላይ በግራም በቀኝም ስንጥቅ አለ። ሐኪሙ ግን ያሳሰበው ሌላ ነበር። አጥንቱ ለእኔ ዕድሜ የሳሳ መሰለው።

"የወር አበባሽ በየወሩ ይመጣል?"

እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀምጣለች።

"ይመጣል።"

"ያለፈው መቼ ነበር?"

"በሃያ አንድ።"

"ከዚያ በፊት ያለውስ?"

"በሃያ አንድ።"

ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ሐኪሙ ያልኩትን ጻፈና እንግዲህ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን አለ። የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የከፋም ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ስትመለሱ በረጅም መርፌ ከአከርካሪዋ ናሙና እንወስዳለን። እናቴ "ከአከርካሪዋ" የሚለውን ቃል ደገመችው። በታክሲው ውስጥም ለብቻዋ ስትደግመው ሰማኋት።

ተናግሬ ከቡድኑ ልውጣ፣ ዝም ብዬ መርፌውን ልቀበል? ሁለት ምርጫ ነበር የቀረኝ። እንዴት እንደመረጥኩ ከማውራቴ በፊት መጨረሻውን ልንገራችሁ፤ አንባቢን ማስጨነቅ አልወድም። ድኛለሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ከሚያቃጥለው ያነሰ ሲበላ መጀመሪያ የሚዘጋው ለራሱ ሕይወት የማያስፈልገውን ነው፤ የወር አበባን ይዘጋል። እሱ ሲዘጋ ኤስትሮጅን የተባለው፣ የሴትን አጥንት የሚጠብቀው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። አጥንቱ ይሳሳል። እንዲህ የሳሳ አጥንት በቀን መቶ ጊዜ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱም ቀላል ይመስላል፤ ዕረፍት፣ ወገብ የሚያጸና ጠንካራ ቀበቶ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ ከሁሉም በላይ መብላት። ለእኔ ከሁሉ የከበደው የመጨረሻው ነው። እናቴ እንቁላሉን አቅርባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ ያ እንቁላል በዓይኔ እንደ ድንጋይ ይከብደኝ ነበር። የንስሐ አባቴ እስክድን ከጾም ፈቱኝ፤ ከመድኃኒቱ ሁሉ ያንን መቀበል አቃተኝ፤ መሸሸጊያዬን ወሰዱብኝና።

ቀበቶውን አስሬ በተኛሁባቸው ወራት ነው ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ቀጥሎ የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርሱ እኔ ሰባተኛን ጀመርኩ። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። የወር አበባዬ የተመለሰው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። እንደ ድሮዬ ወደ ኋላ አልታጠፍም፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል። ቱኒስ የሄደችው ሐያት ናት። ከመሄዷ በፊት ቤታችን መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የምርመራ ወረቀቴን አሳየኋት፤ እሷም ከቱኒስ መልስ እናቷን ይዛ እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄደች። ጠርጥሬሽ ነበር አልኳት። "አውቃለሁ፤ ፊትሽ አይደብቅም፤" አለችኝ።

አሰልጣኛችንም ሙዝና ወተት ይዛ ጠየቀችኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለች። ፊቷን በደንብ አየሁት። አዝናለች፤ ያዘነችው ባለማወቋ ይሁን በመታወቁ ግን ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ሞዴስ እንዳለ ሐያት ነግራኛለች።

ለልጆቹ የምለው አንድ ነው። ሐኪም ሲጠይቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። ለእናቶች የምለው ደግሞ፣ ልጃችሁ ሐኪም ዘንድ ብቻዋን የምትናገርበት ጊዜ ስጧት። ይህን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ በዚያች ከሰኞ በፊት በነበረችው እሑድ።

ያ እሑድ በእኔ ስሌት የማልገባበት ነበር። ወገቤ መቆም ስለማይችል ከቅጽሩ ውጭ ግንቡን ተደግፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎች ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ክርስትና ያልተነሣ ልጇን ታጠባለች። እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። ቅዳሴው ገና እኩሌታው ሳይደርስ ተመልሳ ስትወጣ አየኋት። ቅዳሴ አቋርጣ የምትወጣ ሴት አይደለችም።

"ምነው ወጣሽ?"

"ልቤ አልረጋ አለኝ፤" አለችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። "መርፌው ነው። ከአከርካሪዋ አለ እኮ።"

እጇን አየሁት። የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች ትፈታለች፤ ትጠቀልላለች።

"እማየ፣" አልኳት፤ "መግባት እችላለሁ።"

"የት?"

"ውስጥ። ዛሬ መግባት እችላለሁ።"

"ዛሬ እኮ አንች..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

"ዛሬ ብቻ አይደለም። ሁልጊዜም እችል ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ከመጣብኝ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።"

ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ አየች። ልጇን የምታጠባው አልሰማችም። እናቴ ድምፅዋን ቀነሰች።

"አርግዘሽ ነበር?"

"አይደለም።"

"ማርያምን በይ።"

"ማርያምን። ወንድ አላውቅም። ዝም ብሎ ቀረ፤ ለምን እንደቀረ እኔም አላውቅም።"

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ እጄን ሰደድኩ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ግን እየሳቀች ነበር።

"ሃያ አንድ!" አለች። "በወር በወሩ ሃያ አንድ፤ አንድ ቀን ሳይዛነፍ! የመንግሥት ደመወዝ ነው እንዴ?"

"ታውቂ ነበር?"

"ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ሴት አይደለሁም? የምትደብቂውን ነው ያላወቅሁት። አስወርዳ ይሆናል፤ አንዱ አበላሽቷት ይሆናል እያልኩ ስንቱን ሌሊት አነጋሁት።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አዎ ብትይኝስ?"

ውስጥ ዲያቆኑ ሕዝቡን አስነሣ፤ የቆሙት ሴቶች ሰገዱ። እኛ እንደተቀመጥን ቀረን። እንባዋን በነጠላዋ ጥለት ጠረገችና ቆጣ አለች።

"ለዚያ ሐኪም ምን አፍሽን ያዘሽ?"

"አንቺ ተቀምጠሽ?"

አሰበችበት። ብዙ አሰበችበት። ከዚያ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች፤ እኔንም ቀስ አድርጋ በብብቴ ይዛ አነሣችኝ።

"ነገ አንች ትገቢያለሽ፤" አለችኝ። "እኔ ውጭ እቆማለሁ።"